ካባው ሲገለጥ
ስለ ቪክቶሪያ ዘመን የገና ትርዒትና ስለ ተዋንያኑ የቀረበ ሂስ

በተውኔት ጥበብ ውስጥ አልባሳት የያዙት ቦታ ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ የገጸ ባሕርዩን ኑሮ፣ ሙያና ዘመን ከልብሱ ላይ ያነባል። የነተበ እጀ ጠባብ ስለ ድኽነት፣ የተወለወለ ጫማ ስለ ምቾት ይናገራል። ይሁን እንጂ ልብስ የመናገሩን ያህል ይሸፍናል። በአንድ ዘመን ልብስ ውስጥ የዚያ ዘመን እውነት እንዲታይ ማድረግ የተዋናዩ ድርሻ ሲሆን፣ ይህ ድርሻ ሲዘነጋ ልብሱ የእውነት መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። ይህን ጉዳይ በቅርብ ለመመርመር የሚያስችል አንድ የትርዒት ዓይነት በአሜሪካና በአውሮፓ በየዓመቱ በገና ሰሞን ይቀርባል። ይኸውም የእንግሊዝን የቪክቶሪያ ዘመን መልሶ ለማሳየት የሚዘጋጀው የገና ባዛር ነው።

ከእነዚህ ስመ ጥር የሆነው በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚካሄደው ታላቁ የዲክንስ የገና ትርዒት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970 የመሠረቱት ሮን ፓተርሰንና ባለቤቱ ፊሊስ ፓተርሰን ሲሆኑ፣ እነሱም ቀደም ብሎ በ1963 በዚያው በካሊፎርኒያ የህዳሴ ዘመንን የሚያሳይ የአደባባይ ትርዒት በመጀመር የታወቁ ነበሩ። የዲክንስ ትርዒት ለብዙ ዓመታት የቀረበበት ካው ፓላስ የተባለው ግዙፍ አዳራሽ በመነሻው ለከብት ኤግዚቢሽን የታሰበ ሕንፃ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የለንደን ጠባብ ጎዳናዎች፣ መጠጥ ቤቶችና ሱቆች ተመስለው ይሠራሉ። ተመሳሳይ ትርዒት በቴክሳስ በጋልቬስተን ከተማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይካሄዳል፤ በዚያ የዘመኑን ልብስ ለብሶ ለሚመጣ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ ይቀነስለታል። በሆላንድ በዴቬንተር ከተማ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ 950 ያህል ከዲክንስ መጻሕፍት የወጡ ገጸ ባሕርያት በአሮጌው ሰፈር ጎዳናዎች ላይ ሲመላለሱ ይታያሉ።

ወደ እንዲህ ያለው ትርዒት በተዋናይነት የሚገባው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመድረክ ባለሙያ አይደለም። መምህር፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ተማሪ ወይም ጡረተኛ ሊሆን ይችላል። ከመክፈቻው በፊት ባሉት ሳምንታት በልምምድ ላይ ተገኝቶ የለንደንን ሠርቶ አደር አነጋገርና የባለጸጋውን አነጋገር ለይቶ ማሰማትን፣ እጅ መንሳትን፣ ባርኔጣ ማንሳትን፣ ጭፈራውንና የዘመኑን ታሪክ ይማራል። ልብሱንም ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ ሰፍቶ ወይም አሰፍቶ ያቀርባል። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ፣ ስልኩን ደብቆ፣ ያለ ተጻፈ ቃለ ተውኔት ከጎብኚው ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራል። መድረክና መቀመጫ የሚለያቸው ድንበር የለም። ጎብኚው ዳቦ ሲገዛ ከስክሩጅ ጋር ይጋፋል፤ ጥግ ሲዞር ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ያልፋሉ።

በቅድሚያ የዚህን አሠራር ጠንካራ ጎን መመስከር ተገቢ ነው። ተራው ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዲቀር የተፈረደበት በሚመስልበት ዘመን፣ ከሥራ በኋላ ባለው ሰዓቱ መርፌና ክር ይዞ የጥበብ ባለቤት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ዓይን አፋሩ ሰው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ድምፁን ያገኛል። ወጣቱ ከአዛውንቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጨፍራል። ተዋናዩ ለተመልካቹ ጥያቄ በዚያው ቅጽበት መልስ መስጠት ስላለበትም የገጸ ባሕርዩን ኑሮ ጠልቆ ለማወቅ ይገደዳል፤ ቃል የሚያስታውስ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ አይጠብቀውም። ለተዋናይ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት በቀላሉ አይገኝም።

ድክመቱ የሚጀምረው ቅርጹ ይዘቱን ሲውጠው ነው። ጎብኚው ጥቀርሻ በጉንጩ ላይ የተቀባ የጭስ ማውጫ ጠራጊ እየሳቀ ሲያልፍ ያያል፤ ነገር ግን ትንንሽ ልጆችን በጠባብ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየላኩ ማስጠረግ እስከ 1875ቱ ሕግ ድረስ እንዳልቆመ ከሳቁ ሊረዳ አይችልም። ለማኟ የምታስቅ፣ ኪስ አውላቂው የሚወደድ፣ ባለ እዳው ቀልደኛ ሆነው ይቀርባሉ። በ1834 የወጣው የድኾች ሕግ ችግረኛውን ቤተሰብ ባልን ከሚስት፣ እናትን ከልጅ እየለየ ያስገባበት ማጎሪያ የት አለ? ለጎብኚው የሚቀርበው ዘመን ቅዝቃዜው ወጥቶለት በረዶው ብቻ የቀረለት ዘመን ይሆናል።

ይህ ጉድለት ከማንም ይልቅ የሚበድለው ራሱን ቻርልስ ዲክንስን ነው። ዲክንስ በ1824፣ በ12 ዓመቱ፣ አባቱ በእዳ ምክንያት በማርሻልሲ እስር ቤት በታሰሩበት ወቅት፣ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በየዕቃው ላይ ወረቀት ሲለጥፍ የዋለ ልጅ ነበር። በዲሴምበር 1843 ለአንባቢ የደረሰው «የገና መዝሙር» የተባለው ድርሰቱም የተጻፈው በዚህ ቁስል ላይ ነው። በድርሰቱ ውስጥ የአሁኑን ገና የሚወክለው መንፈስ ነጭ ጠጉር የተከፈፈበት አረንጓዴ ካባ ለብሶ፣ ግብዣና ሳቅ እየበተነ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ግን ያንኑ ካባ ሲገልጠው ሁለት የከሱ፣ የተጎሳቆሉ ልጆች እግሩ ሥር ተኮራምተው ይታያሉ። ወንዱ ድንቁርና፣ ሴቷ ችጋር ናቸው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ደራሲው ልጆቹን ያስቀመጣቸው ከበዓሉ ውጭ ሳይሆን በበዓሉ ልብስ ውስጥ ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ተዋናይ ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ትዕይንት ይመስለኛል። ካባውን ማሳመር ችሏል፤ ይገልጠዋልን?

አልባሳቱም ቢሆኑ በጨርቃቸው ውስጥ ታሪክ የተሸከሙ ናቸው። የሴቶችን ቀሚስ እንደ ደወል የሚነፋው ባለ ሽቦ ክሪኖሊን ባለቤትነቱ የተመዘገበው በ1856 ነው። በዚያው ዓመት ወጣቱ ዊልያም ፐርኪን ሐምራዊውን ሰው ሠራሽ ቀለም አገኘ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቀለሙ የለንደንን ወይዛዝርት አለበሰ። ከዚህ ድምቀት በስተጀርባ ግን ለባርኔጣ ማስጌጫ የሚሆኑትን ሰው ሠራሽ ቅጠሎች በአርሴኒክ አረንጓዴ ስትነሰንስ ትውል የነበረችው የ19 ዓመቷ ማቲልዳ ሾየረር በ1861 ተመርዛ ሞተች። በላንካሻየር ፋብሪካዎች የተፈተለው ጥጥም እስከ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ድረስ በአመዛኙ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በባርነት በተያዙ ሰዎች እጅ የተለቀመ ነበር። በዛሬዪቱ አሜሪካ ይህን ቀሚስ ሰፍታ የምትለብስ ተዋናይት፣ መርፌዋን ስትሰካ ይህን ብታውቅ አለባበሷ አይከፋም፤ አቋቋሟ ግን ይለወጣል።

ንግሥቲቱን በተመለከተ አንድ እውነተኛ ታሪክ መጥቀስ ይጠቅማል። በጁላይ 1857 ዲክንስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ተውኔት አሳየ። ከጭብጨባው በኋላ ንግሥቲቱ ልታመሰግነው ብታስጠራው፣ ለመጨረሻው አስቂኝ ጨዋታ የለበሰውን የተውኔት ልብስ እንደለበሰ በፊቷ መቅረብ እንደማይሻ ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። የመድረክን ልብስና የራስን ማንነት ለይቶ የሚያውቅ ተዋናይ ነበር። በኋላም ድርሰቶቹን ለሕዝብ ሲያነብ የገጸ ባሕርያቱን ልብስ አልለበሰም። በአንድ ትንሽ ጠረጴዛ አጠገብ በማታ ልብሱ ቆሞ፣ ስክሩጅንም ሕፃኑንም በድምፁና በፊቱ ብቻ ይፈጥር ነበር። በዲሴምበር 1853 በበርሚንግሃም ካቀረባቸው ንባቦች አንዱ ሠርቶ አደሩ በርካሽ ዋጋ ገብቶ እንዲሰማው በራሱ ፍላጎት የተደረገ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የዚያ ዘመን ልብስ ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። በ1868 የመቅደላ አምባ ከተያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞው ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ልጁን የአገሩን ልብስ አስለብሳ አነሣችው፤ አሳዳጊ የተደረገለት እንግሊዛዊው ካፒቴን ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አጠገቡ ተቀመጠ። በአንድ ምስል ላይ ሁለት ልባሾች አሉ። አንደኛው ሲሻው የሚለብሰው፣ ሲሻው የሚያወልቀው ነው። ሁለተኛው ልብሱ የራሱ ሆኖ ሳለ ለሌሎች ዓይን ማሳያ ተደርጎበታል። ንግሥቲቱ ለልጁ ትራራ እንደነበር ይታወቃል፤ ሆኖም አገሩን ሳያይ በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ አርፎ በዊንድሰር ተቀበረ። በገና ባዛር ላይ ንግሥቲቱን ሆና የምትወጣ ተዋናይት ይህን ሁሉ ለጎብኚው ታውራ አይባልም። ነገር ግን አጃቢዎቿ መካከል ግዛቷ ጨርሶ ከሌለ፣ የምታሳየው ቪክቶሪያን ሳይሆን ዘውድ የደፉ አያትን ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄም አለ። ጥቁር ሰው በዚህ ትርዒት ውስጥ ማንን ይሆናል? የዘመኑን ታሪክ ለሚያውቅ መልሱ አያስቸግርም። በኒው ዮርክ ተወልዶ በእንግሊዝና በመላው አውሮፓ መድረኮች የሼክስፒርን ታላላቅ ገጸ ባሕርያት እስከ 1867 ድረስ የተጫወተው አይራ አልድሪጅ ነበረ። በክራይሚያ ጦርነት ወታደሮችን ያስታመመችው የጃማይካዋ ሜሪ ሲኮልም የሕይወት ታሪኳን በ1857 በለንደን አሳትማለች። ችግሩ ያለው ዘመኑን ከሥዕል ካርድ ላይ ብቻ በተማረ አዘጋጅ ዘንድ ነው።

«ሰው ለደስታ በመጣበት ቦታ ሐዘን ማቅረብ ለምን አስፈለገ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ገና በዓል ነው፤ በዓልም ይገባል። ሆኖም መልሱ በዚያው በትርዒቱ ውስጥ ይገኛል። በሳን ፍራንሲስኮው ትርዒት ላይ ጎብኚው ራሱ ገብቶ የሚጨፍርበት የፌዚዊግ መጋዘን አለ። በድርሰቱ ውስጥ ፌዚዊግ የተባለው አሠሪ በገና ዋዜማ ሥራውን አስቁሞ፣ ዕቃውን አስነሥቶ፣ ምግብ አብሳዩዋን፣ ገረዲቱንና ወተት አቅራቢውን ሳይቀር ጠርቶ ያስጨፍራል። ያ ጭፈራ ልብ የሚነካው አሠሪ የሠራተኛውን ቀን ማቅለልም ማክበድም በእጁ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ድካሙ ካልታየ ዕረፍቱ ምን ጣዕም አለው? ተዋናዩ ወደ ጭፈራው ሲገባ የታጠበ እጁን ሳይሆን ከሥራ የመጣ እጁን ይዞ ይግባ፤ ደስታው ያን ጊዜ ደስታ ይሆናል።

እንግዲህ የቪክቶሪያ ዘመን ተዋናይ ለመሆን ለሚነሣ ሰው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ቀሚሱን ከመቁረጥህ በፊት ገጸ ባሕርይህ በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ፣ ጧት ምን እንደበላ፣ ሌሊት የት እንደሚያድር እወቅ። ባለጸጋ ከሆንህ የሚያገለግሉህን፣ ድኻ ከሆንህ የሚያስፈራህን ለይ። አንድ ሕፃን ቀርቦ «ለምን ጫማ የለህም?» ብሎ ቢጠይቅህ ቀልድ አትፈልግ፤ በገጸ ባሕርይህ አንደበት እውነቱን መልስለት። ያ ሕፃን ወደ ቤቱ የሚወስደው ከተገዛለት መጫወቻ ይልቅ ያችን መልስ ነው።

ካባ ማማር አለበት። የተውኔት ጥበብ ያለ ውበት አይቆምም፤ የዲክንስም መንፈስ በቡትቶ አልመጣም። ግን ካባው የተሰፋው ሊገለጥ ነው። ልጆቹ ዛሬም እዚያው ሥሩ ተቀምጠዋል።