«አሮጌ» የማይባለው ወይን

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ሱዳን የሸሪዓን ሕግ ስታውጅ፣ የካርቱም የመጠጥ ጠርሙሶች በፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ ትእዛዝ ተሰብስበው ናይል ውስጥ ተደፉ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ለሚጠጣ ሙስሊም አርባ ግርፋት ደነገገ። በሐምሌ 2020 ደግሞ የሽግግሩ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑት በግል መጠጣትን ፈቀደ። እንዲህ ባለ ከተማ ስለ ከረመ የፈረንሳይ ቀይ ወይን ጨዋታ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ በእጅ ያለው ብርጭቆው ሳይሆን ቃሉ ነው። በቃሉ በኩል ግን የካርቱም የአማርኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው። በገበያና በአውቶቡስ የሚሰማው ዐረብኛ ስለ ከረመ ወይን ከማንኛውም ቋንቋ ባላነሰ ያሰበ ቋንቋ ነውና።

ዐረብኛ ሁለቱን እርጅናዎች ይለያል። ጊዜ ያለፈበት ነገር «ቀዲም» ይባላል፤ ጊዜ ያከበረው ግን «ዐቲቅ» ነው። ካዕባ «አል በይት አል ዐቲቅ» የሚባለው በዚህ ቃል ነው። በስምንተኛው ምዕት ዓመት የኖረው አቡ ኑዋስና የወይን ግጥም ባህሉን የተከተሉት ባለቅኔዎች፣ በጋን ተዘግቶ የኖረውን ወይን ያወደሱትም በዚሁ ሥር በተገኘ ቃል ነው። በአማርኛ በኩል ሲመጣ ችግሩ ይጀምራል። ተርጓሚው ሳያወላውል «አሮጌ ወይን» ብሎ ይጽፋል። አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ወይን! በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለ አሮጌ ወይን የተነገረው ምስጋና መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ሆኖም ጆሮው ቃሉን እንደ ስድብ ይሰማዋል። ግእዝ «ብሉይ» የሚል የተከበረ ቃል ነበረው፤ ኪዳኑ ወሰደውና ለጠርሙስ አልተረፈም። የሚሻለው ቃል ከጓዳ የሚገኘው «የከረመ» ነው። ከክረምት ጋር ዘመድ በመሆኑ ብዙ ክረምት መሻገርን ይናገራል እንጂ ማርጀትን አይናገርም።

ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። የከረመ ቀይ ወይን የሚደነቅበት ምክንያት ራሱ እዚህ ላይ ነው። በቦርዶ አካባቢ የሚበቅለው ካበርኔ ሶቪኞን ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ከቆዳውና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ለጋውን ወይን ድድ የሚይዝ፣ ምላስ የሚያደርቅ ያደርገዋል። ታኒን ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ካርቱማዊ ከሲት ሻይዋ ከሰል ላይ ብዙ የቆየውን ሻይ ያለ ስኳር ይቅመስ። በጠርሙሱ ውስጥ ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ኋላም ወደ ታች ይዘቅጣሉ። በዚህ ጊዜ ሐምራዊው ቀለም ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል፤ ድድ የሚይዘው ነገር ይለሰልሳል። የፍሬው ሽታ ቀስ በቀስ ስፍራውን ለቆዳ፣ ለትንባሆ፣ ለእንጉዳይና ለርጥብ አፈር ሽታ ይለቃል። ታዲያ ይህን ዕድሜ የሚችለው ጥቂቱ ነው። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ሲቆይም አይከርምም፣ ይሞታል እንጂ።

ጠርሙሱን ለማክረም ጨለማ፣ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜና ጸጥታ ያስፈልጋል፤ ካርቱም ሦስቱንም በአንድነት አግኝታ አታውቅም። ከትርጉም ስሕተቶች ሁሉ የሚያስቀውም እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዮች ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቅረብ ሲሉ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሚሆነውን የድሮ ቤታቸውን ክፍል ማለታቸው ነው። ይህን ቃል በቃል ተርጉሞ በግንቦት ለካርቱም አንባቢ የሚሰጥ ሰው ወይኑን በ40 ዲግሪ እየቀቀለው ነው።

ስለ ሽታዎቹም እንዲሁ። የፈረንሳይ ቀማሾች የጫካ ሥር አፈርና የሲጋራ ሣጥን ይላሉ። ቃላቱን ማሻገር ቀላል ነው፤ ትዝታውን ማሻገር ግን አይቻልም። ይልቅስ የሱዳን ሰው «ዱዓሽ» የሚለው፣ ከመጀመሪያው ዝናብ ቀድሞ በነፋስ የሚመጣው የርጥብ አፈር ሽታ አለ። አማርኛም የታጠነ ጋን፣ የወይራ ጢስ፣ ያረጀ አገልግል አለው። ቦርዶ ወይኑን በኦክ በርሜል ሲያሳድር፣ የኢትዮጵያ እናት ደግሞ ማሰሮዋን በወይራ ታጥናለች፤ ዕቃው ለመጠጡ ጠረኑን እንደሚያበድር ሁለቱም ያውቃሉ። በዚህ ረገድ የጠጅ ቤት ቋንቋ ከምግብ ቤት ዝርዝር ይልቅ የታመነ ነው። ብርዝ፣ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ የሚለው ደረጃ የስኳሩን መጠን በትክክል ይናገራል፤ «ደረቅ»ም ከፈረንሳዩ «ሴክ» ጋር ያለ አስታራቂ ይገጥማል። ከጠርሙሱ ሥር የሚተኛውን ዝቃጭ «አተላ» ከማለትም «አምቡላ» ማለት ይገባል፤ አተላ የጠላ ነው፣ አምቡላ ግን የጠጅ ወገን ነው። የጎደለው የጊዜ ቃል ብቻ ነበር። ጠጅ በሳምንታት ይደርሳል፤ ሃያ ዓመት የሚጠበቅ ጠጅ ስለሌለ ቋንቋው ቃሉን አልፈለገውም።

በቃላት መመካት ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የቦርዶ ጥናት፣ ወይን የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ዐይን አፍንጫን አሳታት። ወይንን ከመቶ ነጥብ እየሰጡ የሚመዝኑ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ኢትዮጵያዊው አንባቢ ደግሞ ሌላ መሰናክል አለበት። ቀይ ወይን ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ጣፋጩ አክሱማይት ነው። በዚህ አንደበት ወደ ቦርዶ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቅሬታ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ተክሎ በ2014 ለገበያ ያቀረበው ሪፍት ቫሊ ይህን ርቀት አጥብቧል፤ ሜርሎና ካበርኔ የኢትዮጵያ አፈር ላይ ምን እንደሚሉ አሰምቷል። ሆኖም ለጋነቱ ደስ የሚል ወይን ነውና «የከረመ» የሚል ካባ ሊደረብለት አይገባም።

የሱዳን የረመዳን መጠጥ «ሑሉ ሙር» ይባላል፤ ጣፋጭ መራራ ማለት ነው። አልኮል የሌለው የማሽላ መጠጥ ነው። አንድም ጠብታ ወይን ሳይቀምስ የከረመ ቦርዶን ሚዛን መረዳት ለሚፈልግ የካርቱም ሰው ከዚህ ስም የተሻለ መግቢያ የለም፤ በከረመ ወይን ውስጥ ጣፋጩ አያሸንፍም፣ መራራውም አይገዛም። ዕድሉ የገጠመው ደግሞ ጠርሙሱን ቀን ሙሉ አቁሞ ያሳድረው፤ አምቡላው ይዘቅጣል። ከዚያ በሻማ ብርሃን ፊት ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ያንቆርቁረው፤ የአምቡላው ጥቁር ክር አንገቱ ላይ ሲደርስ እጁን ያቁም። በጣም የከረመው ወይን አየር ካገኘው በኋላ ብዙ አይቆይም፤ አንዳንዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሽታውን ሁሉ ይጨርሳል።