አሉሚኒየምና የካርበን ሕጉ፦ ሚዛኑ የዘለለው ጭስ

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት በሚገባ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ማዳበሪያና አሉሚኒየም ላይ የካርበን ዋጋ ይታሰባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የኅብረቱ ፋብሪካዎች ብቻ ቢከፍሉ፣ ጭሱ አገር ይቀይራል እንጂ አይቀንስም።

ግን እስቲ አሉሚኒየምን እዩት። አንድ ቶን ለማምረት ወደ 14,000 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ነው የመጣው ወይስ ከግድብ የሚለው ነው። ሕጉ ደግሞ ለአሉሚኒየም ይህንን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ከማምረቻው በቀጥታ የሚወጣውን ብቻ ነው።

ለምን? አባል አገራት በኤሌክትሪክ ዋጋ ውስጥ ያለውን የካርበን ወጪ ለራሳቸው አምራቾች እንዲደጉሙ ተፈቅዷል። የራስን እየደጎሙ የሌላውን ማስከፈል አድልዎ ይሆናል።

ፋብሪካ የሚያስተካክለው የሚለካበትን ነው። ታዲያ ትልቁን ጭስ ያልመዘነ ሚዛን ማንን ያስተካክላል? ድጎማው ይነሳ፤ ኤሌክትሪኩም ይቆጠር።