ከማሽኑ መሠረት መጀመር፦ የማስነሻ ፕሮግራም ልምምድ ሲመዘን

ኮምፒውተርን ከሥር መሠረቱ ለማስተማር ከሚቀርቡት ልምምዶች አንዱ፣ ተማሪው ቡትሎደር የሚባለውን አነስተኛ የማስነሻ ፕሮግራም በራሱ እጅ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ልምምዱ ብዙ አወዳሾች አሉት፤ ይሁን እንጂ ወደ መማሪያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ጥቅሙም ጉድለቱም ሊመረመር ይገባል።

ሥራው በመጠኑ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይቢኤም ግላዊ ኮምፒውተር በተጀመረው ሥርዓት፣ ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ በማስታወሻው ውስጥ አድራሻ 31744 ላይ ያኖራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች 85 እና 170 ሲሆኑ ሥልጣኑን ለተማሪው ፕሮግራም ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ከባዮስ ጥቂት አገልግሎቶች በቀር ለተማሪው ስሕተቱን የሚሸፍንለት የለም። የልምምዱ ብርታት እዚህ ላይ ነው።

ጉድለቱም ከዚሁ ይነሣል። ተማሪው የተዘጋጀውን ጽሑፍ ገልብጦ በመስኮቱ ላይ ሰላምታ ሲያይ ያወቀ ይመስለዋል፤ ግእዙን ሳይረዳ ዳዊት ከሚደግም ልጅ ግን አይለይም። መድኃኒቱ ከቅጂ የማይገኝ ጥያቄ መስጠት ነው። ባዮስ የኢትዮጵያን ፊደል አያውቅም። ተማሪው «ሀ»ን በ8 በ16 ነጥብ ቢሥል 16 ባይት ይወስድበታል፤ 231ዱ ፊደላት ደግሞ 3,696 ባይት ይፈልጋሉ። 512 ባይት ይህን አይችልም። እንግዲህ የመጀመሪያው ፕሮግራም ሁለተኛውን ከዲስክ የሚያመጣበት ምክንያት በቃል ሳይሆን በችግር ይገለጥለታል።

መሠረቱን መክፈት ቀላል እንዳልሆነ የኤክስኦ ላፕቶፖች ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት እነዚህ ማሽኖች፣ ልጁ የፕሮግራሙን ምንጭ እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ቁልፍ ነበራቸው። ማስነሻቸውም በፎርዝ ቋንቋ የተጻፈና በቀጥታ ትእዛዝ የሚቀበል ነበር። ሆኖም በተቆለፉት ማሽኖች ወደዚያ ለመድረስ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ የፈቃድ ቁልፍ መጠየቅ ግድ ነበር። ዓላማው ስርቆትን መከላከል ቢሆንም፣ በምርምር መማርን የሰበከው መሣሪያ የመጀመሪያውን በር ዘግቶ ቆየ።

በሐሙሲት ወይም በወረታ ለሚያስተምር መምህር ጉዳዩ የጥንቃቄም ነው። በመጀመሪያው ሴክተር ላይ በስሕተት የተጻፈ ነገር የዲስኩን ክፍፍል ሰንጠረዥ ደምስሶ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ልምምዱ አስቀድሞ በተጫነና ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ እንደ ኪዩኤምዩ ባለ አስመሳይ ፕሮግራም ይሁን። አዳዲስ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው በዩኢኤፍአይ ስለሚነሡ፣ የሚቀረው ትምህርት መርሑ እንጂ የዛሬው ማሽን ዝርዝር እንዳልሆነም ይነገር።

በወረታ ገበያ የተፈለፈለውን ሩዝ ብቻ ያየ ሰው የፎገራን ሜዳ ውኃና ዘር ያውቃል አይባልም። የተማሪውም ማርክ በበራው መስኮት አይለካ፤ 170 የሚለው ባይት ቢለወጥ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ምክንያቱን በማስረዳቱ ይለካ።