ስለ ማስታወሻ ደብተርና ስለ ሁለት መጻሕፍት

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪ የለም። አባቶቻችንም ይህን በሥራ አሳይተዋል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዜማውን በቃሉ እንዲያጠና ሲያደርጉ፥ የርስትና የጉልት ነገር ግን በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ እንዲጻፍ አድርገዋል። ስለዚህ ማስታወሻ መያዝ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው ማለት አይቻልም። እኔ ለማንሣት የፈለግሁት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ማስታወሻ መቼና እንዴት ቢጻፍ ይጠቅማል የሚል ነው። ለዚህ ሁለት መጻሕፍት እንመልከት።

የመጀመሪያው በ1942 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ነው። የመሬት ሥሪት፥ ግብር፥ ማዕረግ፥ የቤተ መንግሥት ሥርዓትና ዐዋጅ በየርእሱ ተሰብስቦበታል። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ከዚህ ውስጥ ብዙው ገና የሚሠራበት ስለ ነበረ፥ «ሁሉ የሚያውቀውን መጻፍ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጥቶ አሮጌው ሥሪት ሲቀር፥ ሁሉ የሚያውቀው የነበረው ነገር ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሆነ። ከዚህ የምንማረው ማስታወሻ መጻፍ ያለበት ገና አላስፈላጊ መስሎ ሳለ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ መሥመር ርእሰ ነገር እንጂ ቀን አይደለም። የፈለጉትን ለማግኘት ይመቻል፤ ጸሓፊው እያንዳንዱን ነገር በየትኛው ቀን እንዳገኘው ለመከተል ግን አይመችም።

ሁለተኛው የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። እኛ የኢሉባቦር ልጆች የዚህን ጸሓፊ ስም ስንሰማ ጎሬን እናስባለን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ መንግሥቱን ወክለው በጎሬ ቆይተዋልና፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። የመጽሐፉ ርእስ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ያስተምራል። ማየት የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ማስታወስ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ርእሱ ሁለቱን ለይቶ መናገሩ የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የትኛው መስመር የዐይን፥ የትኛው የትዝታ እንደ ሆነ ሊለይ የሚችለው በሁለቱ መካከል ቀኑ የተጻፈበት ደብተር ሲኖር ብቻ ነው።

ይህን በሌላ ሰው ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ደብተራችን ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የምንገለብጥበት ነበር፤ ያየነውንና የሰማነውን እንድንጽፍበት ማንም አልጠየቀንም። ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ በአንድ ክረምት ወደ ኖፓ ወርጄ፥ ቀፎ ከዛፍ ላይ የሚሰቅሉ አንድ ንብ አናቢ አዛውንት ስለ ማር የነገሩኝን ጻፍሁ። ስመለስ ደብተሩን ከቤት ረስቼው ስለ መጣሁ፥ ለክፍላችን ያቀረብሁትን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በትዝታ ነው። በዚያ ላይ «መራራ ቅምሻ ያለው ማር ከብሳና አበባ ነው» አልሁ። አንድ ጓደኛዬም ቃሌን አምኖ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ አገባው።

በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ብገልጥ፥ አዛውንቱ በኦሮምኛ የተናገሩት «ኤቢቻ» ማለትም ግራዋ ሆኖ አገኘሁት። «በከኒሳ» ያሉት ብሳና የተጻፈው ከሁለት መስመር በታች ስለ ሌላ ነገር ነው። ከዚህም የከፋው፥ «አባቴ እንዲህ ይለኝ ነበር» ያሉትን ጨርሼ ዘንግቼ የእርሳቸው የራሳቸው ቃል አድርጌ አቅርቤዋለሁ። ስጽፍ ግን ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርሁም።

እንግዲህ ተረቱን ጥቂት ማረም ያስፈልጋል። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ስሕተቱም አብሮ ይወረሳል። ደብተር መያዝ ልብን ያሰንፋል የሚሉ መምህራን አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ደብተር ልብን የሚተካ ሳይሆን በልብ ላይ የሚመሰክር ነው። ምስክርነቱም እንዲታመን በዕለቱ መጻፍ፥ ቀንና ቦታ መያዝ፥ ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን መለየት፥ ቃሉንም በተነገረበት ቋንቋ ማኖር ይገባል። መምህሮቻችንም የምርምር ጽሑፋችንን ሲቀበሉ ደብተራችንን አብረው ቢጠይቁን መልካም ነው።

በመጨረሻ ያን ጽሑፌን ያነበቡ ሁሉ «ብሳና» የሚለውን «ግራዋ» ብለው እንዲያርሙ፥ ነገሩም አዛውንቱ ከአባታቸው የሰሙት መሆኑን እንዲያክሉበት እለምናለሁ።