ከሳውንድ ካርዱ በፊት በገናው

በገና በስልክ ሲቀረጽ መጀመሪያ የሚጎዳው ንዝረቱ ነው። በገና ሠሪው በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል እንዚራ የምትባለውን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ የሚያስገባው፣ አውታሩ ሲደረደር ቆዳዋን እየነካ እንዲነዝርና ድምፁ እንዲሰፋ ነው። ያ ንዝረት ከሌለ የሚሰማው ሌላ መሣሪያ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ያለው የድምፅ ማጣሪያ ግን የተሠራው ለንግግር ነው። ሳያቋርጥ የሚነዝር ድምፅ ሲያገኝ እንደ ሞተር ወይም እንደ ነፋስ ጫጫታ ይቆጥረውና ይቀንሰዋል፤ ደርዳሪው ሲያርፍ ድምፁን በራሱ ፈቃድ ከፍ ያደርጋል፤ ዜማው ሲመለስ ደግሞ ይጫነዋል። አንኮበር ላይ አንድ አባት የደረደሩት በገና በዚህ መንገድ አልፎ ደብረ ብርሃን ሲደርሰኝ፣ ቃሉ ይሰማል፤ በገናው ግን ግማሹ የለም።

ቤቴ ውስጥ ስቀርጽ ሳውንድ ካርድ የምጠቀምበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ሳውንድ ካርድ፣ አንዳንዶች ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚሉት፣ በማይክና በላፕቶፕ መካከል የሚቀመጥ ሳጥን ነው። ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያጎላል፣ ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ትልቁ ጥቅሙ በራሱ ምንም አለመወሰኑ ነው። የትኛው ጫጫታ፣ የትኛው ዜማ እንደሆነ የመለየቱ ኃላፊነት የቀራጩ ነው። ስለዚህ የትኛውን ልግዛ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ማንን ልቀርጽ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የቀረጻ ታሪካችንም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ተወላጅ ናቸው፤ ምንጃር ዛሬ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች መካከል የሚቆጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በርሊን ውስጥ በእሳቸው ድምፅ የተቀረጹት ናቸው። በዚያ ዘመን የቀረጻ ማይክ አልነበረም። ዘፋኙ ከትልቅ ጡሩምባ አፍ ፊት ቆሞ ድምፁን አጉልቶ ይለቅቃል፤ የድምፁ ግፊት ራሱ መርፌውን እያንቀሳቀሰ ሰሙን ይጭራል። በኤሌክትሪክ መቅረጽ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እስከዚያ ድረስ የሚቀረጸው ጉሮሮው የጠነከረ ሰው ነበር፤ በሹክሹክታ የሚዘምር በገና ደርዳሪ በጡሩምባው በኩል ማለፍ አይችልም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው ፒያኖአቸውንና ድምፃቸውን በካሴት ቀረጹ። ያ ቀረጻ «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ ወጣ። ጡሩምባው ያልሰማውን ዝግ ያለ የቤት ውስጥ ድምፅ ካሴቱ ሰማው። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰማውም የማይሰማውም ሰው አለ። ዕቃ ስንመርጥ፣ ሳናስበውም ቢሆን፣ ሰው እየመረጥን ነው።

በገና ለሚቀርጽ ሰው ሁለት የማይክ መግቢያ ይበቃዋል፤ አንዱ ለበገናው፣ ሌላው ለአፍ። የፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2፣ የቤሪንገር ዩኤምሲ204ኤችዲ፣ የሞቱ ኤም2 በዚህ ክፍል የሚታወቁ ናቸው። ስካርሌት ሶሎ ዋጋው ቢያማልልም ለማይክ ያለው አንድ መግቢያ ብቻ ነው፤ ብቻውን ለሚናገር ወይም ለሚዘፍን ሰው ይበቃል፣ እየደረደረ ለሚዘምር ግን ይጠብበታል። ባለስምንት መግቢያው የሚያስፈልገው ከነድራሙ ሙሉ ባንድ በአንድ ጊዜ ለሚቀርጽ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራንን እንኳ በአዳራሽ ውስጥ በደንብ በተቀመጡ ሁለት ማይኮች መያዝ ይቻላል፤ መዘምራኑ ራሳቸው ድምፃቸውን እየተደማመጡ ስለሚያስተካክሉ ያንን ሚዛን እንዳለ መውሰድ ይሻላል።

ቀጥሎ የማየው ሳጥኑ ለማይኩ የሚልከውን፣ ፋንተም የሚባለውን 48 ቮልት ነው። ኮንዴንሰር ማይክ ያለ እሱ አይሠራም። ዳይናሚክ ማይክ፣ ለምሳሌ ሁሉም የሚያውቀው ሹር ኤስኤም58፣ ፋንተም አይፈልግም፤ ለአዝማሪ ድምፅ፣ ለመሲንቆና ለከበሮ ደግሞ ጠንካራ ሠራተኛ ነው። በበገና ፊት ሲቀመጥ ግን ምልክቱ ደካማ ስለሚሆን ጌይኑን፣ ማለትም የማጉያውን መጠን፣ ወደ 60 ዴሲቤል ማድረስ ግድ ይላል። ርካሽ ሳጥን ጌይኑ ጫፍ ሲደርስ የራሱን ሽሽታ ያሰማል፤ ያ ሽሽታ ከእንዚራው ንዝረት ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የሚለያቸው የለም። ለበገና ኮንዴንሰር የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ዳይሬክት ሞኒተር ነው። ድምፅ ላፕቶፑ ውስጥ ገብቶ፣ ተሰልቶ፣ ወደ ሄድፎን እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በ48 ኪሎኸርትዝ ሲቀረጽ ባለ256 በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያከማችበት ቦታ) ብቻውን ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያል፤ መግቢያውና መውጫው ሲደመር ከእጥፍ ያልፋል። በቆየ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ቀረጻው እንዳይቆራረጥ በፈሩን ወደ 512 ማሳደግ ይመጣል። የራሱን ድምፅ ዘግይቶ የሚሰማ መዘምር አካሄዱ ይጠፋዋል። ዳይሬክት ሞኒተር ያለው ሳጥን ድምፁን ኮምፒውተር ሳያስገባ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይልከዋል። በዊንዶውስ ላይ የአምራቹን አሲዮ ድራይቨር መጫንም መዘግየቱን ይቀንሳል።

ገበያው ላይ በቀለም መብራት ያሸበረቁ፣ የጭብጨባና የሳቅ ድምፅ የሚለቅቁ ቁልፎች ያሏቸው ሳጥኖችም በሳውንድ ካርድ ስም ይሸጣሉ። እነሱ ለቀጥታ ስርጭትና ለጨዋታ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሁለቱን ማይክ ቀላቅለው በአንድ መስመር ስለሚያወጡ በኋላ በገናውን ከአፉ ለይቶ ማስተካከል አይቻልም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ስለከበደ፣ የተሳሳተ ግዢም አብሮ ከብዷል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወርዳችሁ ስትገዙ የራሳችሁን ላፕቶፕ፣ ማይክና ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። ማይክ ሳትሰኩ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ሽሽታውን አዳምጡ። ፋንተሙን በሁለቱም መግቢያ ሞክሩ። የጌይን ቁልፉን በዝግታ አዙሩት፤ ከጮኸ አርጅቷል። የዩኤስቢ መሰኪያውን ነካ ነካ አድርጉት፤ ያገለገለ ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚያ በኩል ነው። ካርቶኑ ላይ 24 ቢት መባሉንም አረጋግጡ፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ሳጥኑ ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚወስድ መሆኑ በእኛ አገር ቅንጦት አይደለም። ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር መብራት ሳይነግር ይሄዳል። በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ሳጥን በመዝሙሩ መካከል ይጠፋል፤ በዩኤስቢ የሚሠራው ግን ባትሪው እስካለ ድረስ ይቀጥላል፣ ደርዳሪውም መብራቱ መሄዱን ላያውቅ ይችላል። አንድ የተለመደ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 5 ቮልትና 500 ሚሊአምፒር ስለሆነ ሳጥኑን በማከፋፈያ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መሰካት ያስፈልጋል፤ ኃይል ሲያንሰው ፋንተሙ ይደክማል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

መብራት ባለበት ሰዓትም ቢሆን ቀረጻ ስጀምር ቻርጀሩን እነቅላለሁ። የቤታችን መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ መሬት በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀር የ50 ኸርትዙን ግምታ ከነተከታዮቹ፣ ከ100ና ከ150 ኸርትዝ ጋር ወደ ቀረጻው ያስገባል። ለሴት ድምፅ ቢሆን ከታች ቆርጦ መጣል ይቻላል። የበገና ወፍራም ድምፅ የሚኖረው ግን በዚያው ሰፈር ነው፤ ግምታውን የቆረጠ በገናውንም ይቆርጣል። ስለዚህ መፍትሔው ከቀረጻ በኋላ በሶፍትዌር የሚፈለግ አይደለም፤ ከቀረጻ በፊት ገመድ በመንቀል የሚገኝ ነው።

ጌይን የዚህ ሙያ ልብ ነው። ድምፅን በተቻለ መጠን እስከ ቀዩ መብራት ጠርዝ ማድረስ የካሴት ዘመን ልማድ ነው፤ የቴፑ ሽሽታ እንዲሸፈን ይደረግ ነበር። በዲጂታል ቀረጻ ግን ከዜሮ ዴሲቤል፣ ከመለኪያው ጣሪያ፣ ያለፈ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፣ አይመለስም። የ16 ቢት ቀረጻ በስሌት ወደ 96 ዴሲቤል፣ የ24 ቢት ደግሞ ወደ 144 ዴሲቤል ስፋት አለው። እውነተኛው ሳጥን 144ቱን ባይደርስበትም ለጥንቃቄ የሚተርፍ ቦታ ግን ይሰጣል። ደርዳሪው በጣም ሲያበረታ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ አደርጋለሁ። ለሙከራ ቀስ ብለው የሚጀምሩ አባቶች መሐል ላይ ሲደርሱ መንፈሳቸው ይሞቃል፤ ያ ባዶ ቦታ የሚጠብቀው ያንን ሙቀት ነው።

ማይኩን የት ማስቀመጥ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው። ወደ ገበቴው፣ ወደ በገናው ሆድ፣ ሲጠጋ ድምፁ ይወፍርና ይጎረብጣል፤ ወደ በርኩማው ሲዞር ንዝረቱ ይጎላል። ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ጀምሬ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ አንቀሳቅሰዋለሁ። ሁለተኛውን ማይክ ከአፍ በታች አቅርቤ አቆማለሁ። ሁለት ማይኮች አንድን ድምፅ በተለያየ ቅጽበት ሲሰሙ ሲደመሩ አንዱ ሌላውን ሊያሳሳው ስለሚችል፣ ሁለቱን በሞኖ ደምሬ አዳምጣለሁ፤ በገናው ከቀጠነ አንዱን ማይክ ጥቂት አንቀሳቅሼ እንደገና እሰማለሁ። ይህን ጆሮ ለማሠልጠን የዓለሙ አጋን በገና የያዘውን የ«ኢትዮጲክስ» 11ኛ አልበም ደጋግሞ መስማት ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቃሉና ንዝረቱ እኩል ክብር አግኝተው ይሰማሉ።

«ልጄ፣ ድምፄ ደክሟል፤ ይሰማል እንዴ?» ይሉኛል ብዙ አባቶች።

«ይሰማል፣ አባቴ። ማይኩን ይርሱትና እንደ ማታ ጸሎትዎ ይደርድሩ።»

ይህን ማለት የምችለው ሳጥኑ ዝግ ያለውን ድምፅ ያለ ሽሽታ እንደሚያጎላው ስለማውቅ ነው። መሣሪያው አቅም ከሌለው ሽማግሌውን «ጮክ ይበሉ» ማለት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጸሎቱ ንግግር ይሆናል።

ከሳጥኑ ቀጥሎ የሚወስነው ቤቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ነፋሷና ውርጯ የታወቀ ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድም በመሐሏ ያልፋል። የቆርቆሮ ጣሪያ በክረምት ዝናብ ሲመታ የትኛውም ሶፍትዌር አያድንም፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካውም ይንጣጣል። ስለዚህ ከጥቅምት በኋላ፣ የጭነት መኪናው ሲቀንስ፣ ማታ መቅረጽ ይሻላል። በገና ከሁሉ ይልቅ የሚደረደርበት ዐቢይ ጾም ደግሞ በአንኮበር በኩል ከበልግ ዝናብና ከጉም ጋር ይገጥማል። እርጥበትና ሙቀት ሲለዋወጡ የበግ አንጀት አውታር ቅኝቱን ይለቅቃል፤ ከብርድ የገባ ኮንዴንሰር ማይክም ከሰል ባሞቀው ክፍል ውስጥ ላብ ይዞት ይንጫጫል። በገናውም ማይኩም ከነማኅደራቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍሉን ይልመዱ፣ ከዚያ ይቃኝ።

ክፍሉን ለማለዘብ ደግሞ ውድ ስፖንጅ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም። የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ተደርጎ ሲሰቀል የብሎኬት ቤትን ማስተጋባት በሚገባ ይውጣል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ባናም አያቆመውም፤ እሱ በማዕዘን ስለሚከማች ደርዳሪውን ከማዕዘንና ከግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ነው መድኃኒቱ።

ቀረጻው ሲያልቅ ምንም ያልተነካውን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ የደርዳሪውን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ቅኝቱን ከፋይሉ ጋር እጽፋለሁ። ማስተካከሉን የምሠራው በቅጂው ላይ ነው። የእኔ ጆሮ ዛሬ ጫጫታ ነው ያለውን ነገ ሌላ በገና ሠሪ ሊማርበት ይችላል፤ ያንን ዕድል የመዝጋት መብት የለኝም። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ለሕዝብ የሚወጣውም እሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሊጀምር ያሰበ ሰው ሁለት መግቢያ ያለው፣ በዩኤስቢ ኃይል የሚሠራ ሳጥን፣ አንድ ኮንዴንሰር ማይክ፣ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎንና የተሞላ ባትሪ ይዞ ይጀምር። ሁለተኛው ማይክ ከጊዜ በኋላ ይመጣል። ባለስምንት መግቢያውን ባለመግዛት የተረፈው ገንዘብ ለደርዳሪው ይከፈል። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ለመጡበት ትራንስፖርት፣ ላዋሉት ቀን፣ ዕድሜ ልክ ለተማሩት ዜማ ዋጋ አለው። ቀረጻ ሥራ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩትም ከማይኩ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ናቸው።