ምች ነው ከመባሉ በፊት

በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በቆላዋ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ራሷን ያመማት ነፍሰ ጡር «ምች መታኝ ሲስተር» ትላለች። ባሏ ወባ ነው ይላል። አማቷ ደግሞ ፀሐዩን ታማርራለች። ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ የግፊት መለኪያውን አነሳለሁ። በአዋላጅነት ሙያ ውስጥ ይህን ያህል ቀላል መስሎ ይህን ያህል ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ አላውቅም።

በእግሯ ከገጠር የመጣችውን ወዲያው አልለካትም። ሽንቷን ሸንታ፣ ጀርባዋን ደግፋ፣ እግሯ መሬት ረግጦ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። ክንዷ ጠረጴዛው ላይ ከልቧ ትክክል ያርፋል። የመለኪያውን ጨርቅ በልብስ ላይ አልጠቀልልም። ከዚያ አየሩን በቀስታ እየለቀቅሁ አዳምጣለሁ፤ መጀመሪያ የሚሰማው ምት የላይኛው ነው፣ ድምፁ ሲጠፋ የታችኛው። አየሩን ቸኩሎ የሚለቅ ሰው የላይኛውን አሳንሶ ያነባል፤ የምታመልጠውም የታመመችው ናት።

እንዲህ የምጠነቀቀው በማህፀን ውስጥ የሚሆነውን ስለማውቅ ነው። ሰው ሲደነግጥ ወይም ደም ሲፈሰው ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች ኖርአድሬናሊን አመንጭተው የደም ሥሮችን ያጠብባሉ። በእርግዝና ግን በማህፀን ግድግዳ ውስጥ ያሉት እነዚህ ነርቮች እየሳሱ ሄደው ወሯ ሲገባ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። የእንግዴ ልጁ ሴሎችም ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ገብተው ጡንቻቸውን እየተኩ ያሰፏቸዋል። ከእርግዝና በፊት በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ የነበረው ወደ ማህፀን የሚፈስ ደም በመውለጃዋ ከ500 ያልፋል። ሰውነቷ ለልጁ ሲል የገዛ ነርቮቹን ከዚያ ሥፍራ መሰብሰቡ ዛሬም ይደንቀኛል።

ፕሪኤክላምፕሲያ በሚባለው የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው እነዚህ ሥሮች በወጉ ሳይሰፉ መቅረታቸው ነው። በሌላው የእናቲቱ አካል ደግሞ ሥሮች ይጠብባሉ፤ የጀርመን ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ወደ ጡንቻ ሥሮች የሚሄደው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ትእዛዝ ይበዛል፣ ከወሊድ በኋላም ይረግባል።

ሙቀት የቆዳን ሥሮች ስለሚከፍት ግፊትን ወደ ታች ይስባል እንጂ አይሰቅልም። ስለዚህ በቆላ ፀሐይ፣ ካረፈች በኋላ ተደግሞ ተለክቶ 140/90 የመጣ ግፊት በሙቀት አይሳበብም። ሽንቷ ለፕሮቲን ይመረመራል። ወባ ቢገኝባትም ወባው ይታከማል፣ ግፊቱም ለብቻው ይታያል።

160/110 ደርሶ ራሷን ካመማት ማግኒዚየም ሰልፌት እንጀምራለን፦ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ 10 ግራም በሁለቱ ዳሌ ተከፍሎ። ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ጉልበቷን መታ አደርጋለሁ፤ እግሯ ካልተወነጨፈ ወይም ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ካነሰ መርፌው ይቆያል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም ከአጠገቤ አይለይም። ወደ ጎንደር ስትላክ መንገዱ ረጅም ነውና የመጀመሪያው መርፌ ከአምቡላንሱ በፊት ያልቃል።

ግፊቷ ደህና ሆኖ ወደ ቤቷ የምትመለሰውን ዳማከሴ እንዳትሸት አልከለክልም። አማቷን ግን ለብቻ አናግራታለሁ፦ «እማማ፣ ራስ ምታቱ አልተው ካለ፣ ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ከደረቷ ሥር ከወጋት፣ የሰሊጥ አጨዳም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ያምጧት።»