ከኮዱ በፊት የሚታየው ወረቀት

ካይሮ ውስጥ ተማሪዎችን ለፕሮግራሚንግ ውድድር ማሠልጠን የጀመሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ስለ አልጎሪዝም ነው። ግራፍ ይቅደም ወይስ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ? በሳምንት ስንት ጥያቄ ይበቃል? እዚህ ሁሉም የሚያውቀውን የሙስጠፋ ሳድ ኢብራሂምን የሥልጠና ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እናስጨርሳቸው ወይስ እየመረጥን? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልስም አላቸው። እኔ ግን አስቀድሜ የልጆቹን ትራንስክሪፕት፣ የልደት ማስረጃና የምዝገባ ወረቀት አሳዩኝ እላለሁ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሦስት ልጆች እነማን ሊሆኑ እንደሚችሉ ሳይታወቅ የሚሰጥ ሥልጠና ብዙ ጊዜ የልጅ ልብ ሰብሮ ያበቃል።

ውድድሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አይሲፒሲ የምንለው የዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ የፕሮግራሚንግ ውድድር መነሻው በ1970 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተደረገ ውድድር ነው፤ የዓለም ፍጻሜው ደግሞ ከ1977 ጀምሮ ይካሄዳል። (ካላልኩ በቀር ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አንድ ቡድን ሦስት ተማሪዎች አሉት። ለሦስቱ የሚሰጣቸው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ጊዜው አምስት ሰዓት፤ ጥያቄዎቹ ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ይደርሳሉ። የበለጠ ጥያቄ የፈታ ያሸንፋል። እኩል የፈቱት በጊዜ ይለያሉ፦ ጥያቄው የተፈታበት ደቂቃ ይያዝና ከዚያ በፊት ተልኮ ውድቅ ለሆነ ለእያንዳንዱ ሙከራ 20 ደቂቃ ይጨመርበታል። አንድ ቡድን አንዱን ጥያቄ በ47ኛው ደቂቃ በሦስተኛ ሙከራው ቢፈታ የሚጻፍበት 87 ነው። ፈጽሞ ላልተፈታ ጥያቄ ግን ቅጣት የለም። ይህን ስሌት ልጆቹ በአንድ ቀን ይለምዱታል። የማይለምዱትና የማያነቡት ከዚህ ቀድሞ ያለውን ገጽ ነው፤ ማን መወዳደር እንደሚችል የሚለውን።

የምኖርበት ከተማ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የአፍሪካና የዓረብ ቀጠና ውድድር ዋና ማዕከሉ ግብፅ ውስጥ ነው፤ የሚያስተባብረውም የዓረብ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂና የባሕር ትራንስፖርት አካዳሚ ነው። አካዳሚው በዓረብ ሊግ ሥር በ1972 የተቋቋመ ሲሆን ዋና መቀመጫው እስክንድርያ ነው፤ ታላቋ ካይሮ ውስጥም በሸራተን ሠፈር፣ በዶኪና በስማርት ቪሌጅ ቅርንጫፎች አሉት። የካይሮ ዩኒቨርሲቲ፣ የዐይን ሻምስ፣ የሄልዋን፣ የጀርመን ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ልጆች በግብፅ ማጣሪያ ይፋጠጣሉ። የኢትዮጵያ ተማሪዎችም አገር አቀፍ ማጣሪያቸውን ካለፉ በኋላ የሚመጡት ወደዚሁ ቀጠና ነው፤ ስለዚህ ከአምስት ኪሎ የመጣ ልጅና ከካይሮው አባሲያ የመጣ ልጅ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይሰለፋሉ። ግብፅ የዓለም ፍጻሜን ለማስተናገድ ያሳለፈችው ውጣ ውረድም የሚረሳ አይደለም። የ2011ዱ ፍጻሜ ሻርም ኤል-ሼክ ሊደረግ ተቀጥሮ በአብዮቱ ምክንያት ወደ ኦርላንዶ ሄደ። በኖቬምበር 2023 እንደገና ለሻርም ኤል-ሼክ ተቀጥሮ በጋዛው ጦርነት የተነሣ ተራዘመ። በመጨረሻ 46ኛውና 47ኛው ፍጻሜ በአንድ ላይ በኤፕሪል 2024 ሉክሶር ላይ ተደረጉ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ደንቡ የሚጠይቀው በቅደም ተከተል ነው። ተማሪው በዲግሪ ፕሮግራም የተመዘገበና ቢያንስ የሙሉ ጊዜ ተማሪን ግማሽ ጫና የያዘ መሆን አለበት። ከዚህ በፊት በሁለት የዓለም ፍጻሜዎች ከተወዳደረ በቃው። በአምስት ዓመት የቀጠና ውድድሮች ከተሳተፈም እንዲሁ። እነዚህን ካለፈ፣ ከሁለት ነገሮች አንዱ ከተሟላ ይበቃል፦ የከፍተኛ ትምህርት የጀመረበት ዓመት ወይም የተወለደበት ዓመት። ለ2024 የውድድር ዘመን በ2020 ወይም ከዚያ ወዲህ ትምህርት የጀመረ፣ አለዚያም በ2001 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ማለት ነበር። በየዓመቱ ሁለቱም ቁጥሮች አንድ አንድ ይጨምራሉ።

ሐበሻ ተማሪ ይዞ ለሚሠራ ሰው ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ፣ «ጋሼ፣ የተወለድኩት በ93 ነው» ይላል። በ93 መቼ? «በኅዳር።» ኅዳር 1993 በፈረንጆቹ ገና 2000 ነው። በዚያው ዓመት ከታኅሣሥ 23 ወዲህ የተወለደ ጓደኛው ግን 2001 ላይ ይወድቃል፤ በአንድ ክፍል የተማሩ፣ ምናልባትም በአንድ ሠፈር ያደጉ ልጆች፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት አንዱ በልደቱ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርትም እንዲሁ ነው። 2012 ዓ.ም. የሚለው ትራንስክሪፕት ጥቅምት ላይ ከሆነ 2019 ነው፤ የካቲት ላይ ከሆነ 2020። ዓመቱን በችኮላ ስምንት ወይም ሰባት ጨምሮ የሚመዘግብ ሰው ልጁን ሳያስበው ያስገባዋል፣ ወይም ሳያስበው ያስወጣዋል። ሁለቱም ያው በደል ናቸው። ሳይገባው የገባ ልጅ ውጤቱ በኋላ ሲሰረዝ አብረውት የለፉት ሁለት ጓደኞቹም ከእሱ ጋር ይወድቃሉ። ስለዚህ ወርና ቀን ያለበት ማስረጃ ሳላይ ምዝገባ ላይ ምንም ቁጥር እንዲጻፍ አልፈቅድም። አዲስ አበባ ያሉ አሠልጣኞችም ይህን ነገር በየዓመቱ መጀመሪያ በመስከረም ቢጨርሱት እላለሁ። ኤቱኤስቪ የተባለው የፕሮግራሚንግ አሠልጣኝ ድርጅት ከ2019 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጎበዝ ልጆች ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ጎበዝ ልጅ በበዛ ቁጥር ወረቀቱን ቀድሞ ማየት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ደንቡ ለምን እንዲህ ጠበቀ የሚሉኝ አሉ። እኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ገደብ ባይኖር ኖሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጎበዙን ልጅ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ፣ ከማስተርስ ወደ ዶክትሬት እያሸጋገረ አሥር ዓመት ሊያወዳድረው ይችል ነበር። አንዴ ወንበሩን የያዘ አይነሣም፤ አዲስ የመጣው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ደጅ ቆሞ ይመረቃል። የዓመት ገደቡ በሩን የሚከፍተው ለዚህ ልጅ ነው።

ከዚህ የተነሣ አሠልጣኝ የሚያወጣውና የሚያወርደው ስለ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ስለ ልጆቹ ቀሪ ዓመታትም ነው። ሦስተኛው ወንበር ክፍት ሆኖ፣ አንዱ ዕጩ ትንሽ የሚሻል የአምስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሌላው ትንሽ የሚያንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢሆኑ፣ እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው። የቀጠናውን አዳራሽ ዘንድሮ ያየ ልጅ ለተፈታ ጥያቄ የሚሰቀለው ፊኛ ሲበዛ አይደነግጥም፤ በመጨረሻው ሰዓት የውጤት ሰሌዳው ሲቆም ጎረቤቱን ማየት ትቶ ወደ ወረቀቱ መመለስን ተምሮ ይመጣል። ይህን የሚያስተምር የቤት ልምምድ አላገኘሁም። የሚቃወሙኝ አሉ፤ ለአምስተኛ ዓመቱ ተማሪ ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በተለይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዓለም ፍጻሜ መላክ የሚችለው አንድ ቡድን ብቻ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል፤ ትልልቆቹ የካይሮ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሁለተኛው ቡድን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ቡድን በልጦ እያለ ቤቱ ይቀራል። አንድ ተማሪም በአንድ የውድድር ዘመን ለአንድ ተቋም ብቻ ነው የሚሰለፈው፤ ቡድኑ ጠንካራ ነው ብሎ መሸጋገር የለም።

ካይሮ ውስጥ ግን ዓመታቸው ያልተሰበረ ልጆች ብቻ አይደሉም ያሉት። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ዩኒቨርሲቲዎቿ ተዘጉ፤ ፈይሰል መንገድ ላይ ከሚኖሩት ሱዳናውያን መካከል ሦስተኛ ዓመት ደርሰው ካይሮ ላይ ከአንደኛ ዓመት የጀመሩ ልጆች አሉ። ከእኛም አገር በኮቪድ፣ በሰሜኑ ጦርነት ወይም በስደት ትምህርታቸው የተቋረጠ ልጆች አርድ ኤል-ሊዋ አካባቢ ይገኛሉ። እነዚህ ልጆች «ካይሮ የገባሁት አምና ነው፣ አዲስ ተማሪ ነኝ» ብለው ይጽናናሉ። ደንቡ ግን የሚቆጥረው ከፍተኛ ትምህርት መጀመሪያ የተጀመረበትን ዓመት ነው። በ2019 ካርቱም ወይም መቀሌ የገባ ልጅ ካይሮ ላይ እንደገና ቢጀምርም መነሻው 2019 ነው።

ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ እኔን ግን በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ የደንቡ ክፍል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በጅማሬ ዓመትም በልደትም ያላለፈ ተማሪ በሩ አልተዘጋበትም። የሙሉ ጊዜ ትምህርቱ ስምንት ሴሚስተር ካልሞላ፣ አሠልጣኙ ለብቁነት ኮሚቴው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በውትድርና ወይም በሲቪል አገልግሎት፣ በሕመም፣ በሥራ ወይም በግል ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠ ተማሪ እንዲታሰብለት ነው የተጻፈው። የኅዳር 93ቱን ልጅ እንውሰድ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ መጋቢት ላይ በኮቪድ ግቢው ተዘጋ፤ ከዚያ ወጥቶ ካይሮ ደረሰና ሥራ እየሠራ ቆይቶ ተመዘገበ። የተማረው ሴሚስተር ሲደመር አራት ወይም አምስት ቢሆን፣ በልደቱም በመነሻ ዓመቱም የወደቀው ልጅ በአቤቱታ ሊቆም ይችላል።

አቤቱታው የሚጻፍበት መንገድ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። ልብ የሚነካ ታሪክ መጻፍ አያስፈልግም። ኮሚቴው የሚፈልገው ሴሚስተር በሴሚስተር የተቆጠረ ዝርዝር ነው፦ ከመቼ እስከ መቼ የት ተማረ፣ ሙሉ ጊዜ ነበር ወይስ ግማሽ፣ መቼ አቋረጠ፣ ለምን፣ መቼ ተመለሰ። እያንዳንዱ መሥመር አጠገቡ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ያልተማረውን ሴሚስተር ተምሬያለሁ፣ የተማረውን አልተማርኩም ማለት የለም። ከካርቱም ትራንስክሪፕት ማስመጣት ዛሬ ቀላል አይደለም፤ መዝገብ ቤቱ ራሱ ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመታወቂያ ካርድ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የፈተና መግቢያ ወረቀት፣ ስልክ ላይ የቀረ የውጤት ፎቶ ሳይቀር እንሰበስባለን። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ስላልሆንኩ አቤቱታውን የሚፈርመው ተቋሙ የወከለው አሠልጣኝ ነው፤ የእኔ ድርሻ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መስጠት ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሥራ ደስ ይላል። በዓለም ፍጻሜው ቡድኑ ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት የማጣቀሻ ጽሑፍ 25 ገጽ ነው፤ በአንድ ፊት ብቻ የታተመ፣ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ማጉያ የሚነበብ፣ ከላይ በግራ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ በቀኝ የገጹ ቁጥር ያለበት። በነዚህ 25 ገጾች ላይ የሚደረገው ክርክር የሦስት ልጆችን ባሕርይ ያወጣዋል። አንደኛው የጂኦሜትሪ ቀመሮች አራት ገጽ ይያዙ ይላል፤ ሁለተኛው የዲኒክን የፍሰት አልጎሪዝም በቃሌ ስለማውቀው ይውጣ ይላል። እኔ በቃል የሚታወቀውም ይግባ እላለሁ፤ አራተኛው ሰዓት ላይ በቃል የሚታወቅ ነገር ሁሉ አይታወቅም። ከዚያ ልጆቹ እያንዳንዱን ገጽ ራሳቸው በእጃቸው ተይበው ይፈትሹታል። ከኢንተርኔት ተገልብጦ የታተመ ኮድ ስህተት ቢኖርበት አዳራሹ ውስጥ የሚያርመው የለም።

አሁን አሁን ልጆቹ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠይቁኛል። በሴፕቴምበር 2025 ባኩ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች የሰው ቡድን ከፍተኛው ውጤት አሥራ አንድ ነበር፤ የኦፕንኤአይ ሞዴሎች በተለየ ክትትል ተፈትነው አሥራ ሁለቱንም፣ የጉግል ዲፕማይንድ ጀሚናይ ደግሞ አሥሩን ፈቱ። ታዲያ እኛ ምን እንለፋለን ይሉኛል። እኔ የምመልስላቸው ደንቡን አንሥቼ ነው፦ ማሽኖቹ በሰሌዳው ላይ ቡድን ሆነው አልተመዘገቡም፤ ደንቡ የሚመዘግበው ትምህርት የጀመረበት ዓመትና የልደት ቀን ያለውን ሰው ነው። በልምምድ ላይ ግን ያልገባህን ጥያቄ ማሽን ፈትቶልህ ገባኝ ካልክ በአምስቱ ሰዓት ውስጥ ይታወቅብሃል፤ አጠገብህ ያሉት ሁለት ልጆችም ያውቁታል።

ዘንድሮ የምሠራው ከሦስት ቡድኖች ጋር ነው። የሁለቱ ወረቀት አልቋል። የሦስተኛው ቡድን አንድ ልጅ ከካርቱም የመጣ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱን የያዘች የክፍል ጓደኛው ፖርት ሱዳን ላይ ተገኝታለች፤ ፎቶውን እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁ ከቡድኑ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ ይለማመዳል፤ በምዝገባው ቅጽ ላይ ግን ተጠባባቂውን አስገብተናል፤ ለሁለቱም ምን ላይ እንዳለን በግልጽ ነግረናቸዋል።